ባሌስትራ የተጨመረባት ፒክአፕ ባዶዋን ስትሆን ኋላዋ ለምን ይሸሻል?

ከድሬዳዋ ሳቢያን የጻፉልኝ ጠያቂ፣ ከሐረማያ አካባቢ ሽንኩርትና ድንች የሚያመላልሱባት ባለ አንድ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አለቻቸው። ኋላዋ ከጊዜ ብዛት ወርዶ፣ ጭነት ስትይዝ አክስሉ (የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ) የሻንሲውን (የመኪናዋን አጽም) ላስቲክ መምታት በመጀመሩ አንድ ጋራዥ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ፍሬ ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው የመኪናዋን ኋላ የሚሸከሙ ጎበጥ ያሉ ብረቶች፣ ጨምሮላቸዋል። አሁን ተጭና አትወርድም፤ ነገር ግን ባዶዋን ወደ ሐረማያ የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ስትወጣ፣ በተለይ አስፋልቱ በተቦረቦረበት ኩርባ ላይ፣ ኋላዋ ወደ ውጭ ይሸሻል። ተጭና ስትወርድ ደግሞ የፊት ፍሬኗ ከቀድሞው ይበልጥ ይግላል፣ ይሸታልም። «ጎማ ልቀይር ወይስ ባሌስትራውን ላስወልቅ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ለጎማ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ባሌስትራው ይታይ። የነገሩኝ ሁለት ችግሮች ለየብቻ የመጡ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ እንደሆነ እገምታለሁ፤ መኪናዎ የጎደላት ከፍታ ሆኖ ሳለ የተጨመረላት ግትርነት ነው። ግትርነት ስል፣ አንድ ኩንታል ሲጫንባት ኋላዋ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወርድ ማለቴ ነው፤ ጥቂት የምትወርደው ግትር ናት። ያረጀ ባሌስትራ የሚያጣው ጉብጠቱን ነው እንጂ ግትርነቱን አይደለም፤ ምክንያቱም ግትርነቱን የሚወስኑት የብረቱ ዓይነት፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ውፍረቱ ሲሆኑ፣ ብረቱ እስካልተሰበረ ወይም በዝገት እስካልሳሳ ድረስ እነዚህ በዕድሜ ብዛት እምብዛም አይለወጡም። ስለዚህ የወረደች መኪና ላይ ባሌስትራ መደረብ ከፍታዋን ቢመልስም፣ ፋብሪካው ያልፈለገውን ግትርነት አብሮ ይሰጣታል።

የጭማሪውን መጠን አቅልለው አይመልከቱት። አራት ፍሬ በነበረበት ላይ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ፍሬዎች ቢደረቡ ግትርነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይሆናል። የተደረበው ከትልቅ መኪና የወለቀ ወፍራም ብረት ከሆነ ነገሩ ከዚህም ይብሳል፤ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ሆኖ ውፍረቱ ብቻ ከ6 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ቢያድግ የዚያ አንድ ፍሬ ግትርነት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ከአይሱዙ የወለቀ አሮጌ ባሌስትራ ቆርጦ ፒክአፕ ላይ መግጠም በእጅ ያለን ብረት ከመጣል የሚያድን ብልሃት ይመስላል፤ እኔ ግን አልመክረውም።

ኋላዋ ለምን ይሸሻል ለሚለው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ጉድጓዱ ነው። ባዶ ፒክአፕ አብዛኛው ክብደቷ ያረፈው ፊቷ ላይ በመሆኑ ኋላዋ ቀላል ነው፤ ይህ ቀላል ኋላ ግትር ባሌስትራ ላይ ሲቀመጥ፣ ጎማው የመንገዱን ወጣ ገባ እየተከተለ መውረዱን ትቶ መንጠር ይጀምራል። በነጠረበት ቅጽበት ደግሞ ጎማው አስፋልቱን ስለማይጨብጥ መኪናዋን ወደ ጎን ሊይዛት አይችልም። የባሌስትራውን መንጠር የሚያበርደው አሞርዛተር ተመጥኖ የተሠራው ለቀድሞው ባሌስትራ ነው፤ የበረታውን ባሌስትራ ሲመለስ የሚገታበት አቅም ያንሰዋል፣ ያረጀ ከሆነማ ጨርሶ የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ለስላሳ አስፋልት ላይም ይሠራል። መኪና ስትታጠፍ ክብደት ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጭኛው ይሄዳል፤ ጎማ ደግሞ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጭበጣው እጥፍ አይሆንለትም። ስለዚህ ክብደቱን እኩል የተካፈሉ ሁለት ጎማዎች፣ አንዱ ተጭኖ ሌላው ከቀለለበት ጥንድ የተሻለ ይይዛሉ። ቦዲው ሲያጋድል ይህን የክብደት ዝውውር ፊትና ኋላ የሚካፈሉት በግትርነታቸው ልክ በመሆኑ፣ ኋላን ብቻ ማግተር ማለት ከዝውውሩ ትልቁን ድርሻ ለኋላ ጎማዎች መስጠት፣ ጭበጣቸውንም መቀነስ ማለት ነው። ፋብሪካዎች የዕለት መኪናን ሲሠሩ ኩርባ ላይ አስቀድሞ የሚንሸራተተው ፊት እንዲሆን አድርገው ነው፤ ፊት ሲንሸራተት መኪናዋ ከሚፈለገው በላይ ሰፍታ ትታጠፋለች፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ መስመሯ ትመለሳለች። ኋላ ቀድሞ ሲሸሽ ግን ልምድ ያለው ሹፌር እንኳ መሪውን ሳያዞር መኪናዋ ዞራ ልትቆም ትችላለች። ዳገት ላይ ነዳጅ እየሰጡ ሲታጠፉ ደግሞ የቀለለው የውስጥ ጎማ በቀላሉ ስለሚሽከረከር ችግሩ ይባባሳል። ዝናብ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን የደንገጎን ገደል ለሚያውቁት ለእርስዎ መንገር አይገባኝም።

ወደ ፍሬኑ እንምጣ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይታሰር የሚከላከል ሥርዓት) በሌላቸው ብዙ ሃይሉክሶች ላይ፣ ሻንሲው ላይ የታሰረና በቀጭን ዘንግ ከኋላ አክስሉ ጋር የተገናኘ ቫልቭ አለ። ቫልቩ የመኪናዋን ክብደት የሚያውቀው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ባለው ርቀት ነው፤ ርቀቱ ሲጠብ ተጭናለች ብሎ ለኋላ ፍሬን ግፊት ይለቃል፣ ሲሰፋ ባዶ ናት ብሎ ይቀንሳል። ባሌስትራ ሲደረብባት መኪናዋ ተጭናም ከፍ ብላ ስለምትቀር ቫልቩ ባዶ ናት ብሎ ይሳሳታል፤ ከሐረማያ እስከ ድሬዳዋ ከ800 ሜትር በላይ የሚወርደውን ቁልቁለት በአብዛኛው የፊት ፍሬን ይሸከመዋል ማለት ነው። የሚሸትዎት ይህ ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዶች ይህን ሲያዩ ዘንጉን በሽቦ ወደ ላይ ያስሩታል፤ እባክዎ እንዳይፈቅዱ፤ ያኔ ባዶዋን ድንገት ሲይዟት የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይታሰሩና ያው ኋላዋ ይሸሻል።

ግምቴን ራስዎ መለካት ይችላሉ። ባዶዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው፣ ከኋላ ጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው በሁለቱም ጎን ይጻፉ። ከዚያ አራት ኩንታል ልክ አክስሉ ላይ አስቀምጠው፣ መኪናዋን ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ ነድተው እንደገና ይለኩ። ባሌስትራዋ ያልተነካ ተመሳሳይ ሃይሉክስ ካለው ጓደኛ ጋር ይህንኑ ቢያደርጉ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የመውረድ ልዩነት ምን ያህል ግትርነት እንደተጨመረብዎት ይነግርዎታል። ግራና ቀኙ እኩል ካልወረዱም ጋራዡ የተለያየ ውፍረት ደርቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ወደ አንድ ወገን ስትታጠፍ ከሌላው የተለየ ጠባይ ያሳያታል።

መፍትሔው የተደረቡትን አስወልቆ የደከመውን ዋናውን ባሌስትራ ለሞዴልዎ በተሠራ፣ ጉብጠቱን በጠበቀ አዲስ መተካት ነው፤ ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ። አሮጌውን በመዶሻ ብቻ አስቀጥቅጦ መመለስ ይረክሳል፣ ነገር ግን ብረቱ እንደገና በእሳት ካልታከመ ቶሎ ይወርዳል። ከታች ያለው ወፍራምና ቀጥ ያለ ረዳት ፍሬ ስራው ጭነት ሲበዛ ብቻ መደገፍ ስለሆነ፣ ባዶዋን ከላይኞቹ ጋር ተጣብቆ እንዳይታሰር ያሳዩ። አሞርዛተሮቹን በጥንድ ይለውጡ፤ የቫልቩ ዘንግም በአምራቹ ልኬት ይስተካከል። አዲሱ ባሌስትራ ላይ አሁንም ላስቲኩን የምትመታ ከሆነ ሊብሬዎ ላይ የተጻፈውን የመጫን አቅም ከሚጭኑት ኩንታል ጋር ያስተያዩ፤ ያን ጊዜ የሚቀነሰው ጭነቱ ነው።

ጎማን በተመለከተ፣ ጥርሱ የተሻለው ጥንድ ምንጊዜም ኋላ ይሁን። ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይግል በበሩ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሙሉ፤ ለጭነት የሞሉትን ባዶዋን ሲመለሱ እንዳለ መተው መንጠሩን ያባብሰዋል።

ሥራው እስኪሠራ ድረስ ባዶዋን ሲወጡ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ፍጥነትዎን ጨርሰው ይቀንሱ፤ ኩርባው ውስጥ ፍሬን አይያዙ፣ ነዳጅም ድንገት አይስጡ። ኋላዋ ከሸሸ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው በዝግታ አንስተው መሪውን ኋላዋ ወደሸሸበት አቅጣጫ ያዙሩ። ተጭነው ሲወርዱ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዝልዎት። ሥራው ሲሠራ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች አዲስ ይሁኑ፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላም ወደ ጋራዡ ተመልሰው ዳዶዎቹን በድጋሚ ያስጠብቁ፣ አዲስ ባሌስትራ ሲደላደል ይላላሉና።