ሁለት ቤተ ክርስቲያን አንድ ሲሆኑ ቤቱ የማን ይሆናል?

አንድ አንባቢ ከካዛንቺስ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «የአንዲት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የሽማግሌዎች ጸሐፊ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን በራሷ ስም ተመዝግባለች። ሰፈሩ ሲፈርስ የተከራየነው አዳራሽም አብሮ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ኡራኤል አካባቢ ካለች አጥቢያ ጋር አብረን እያመለክን ነው። አሁን አንድ ልንሆን ወስነናል። እነሱ በ1988 ዓ.ም. በአባላት መዋጮ የተገዛ ቤት አላቸው፤ ካርታው ግን በአንድ አባት ስም ነው። መሪዎቹ ቃለ ጉባኤ ተፈራርመናል። ይህ ይበቃናል?»

አንድ መሆናችሁ ደስ ይላል። ሰፈር ሲበተን አብሮ የሚበተን ጉባኤ ብዙ አይቻለሁ። ቃለ ጉባኤው ግን አይበቃም።

የላኩልኝ ቅጂ ላይ ዘጠኝ ፊርማ አለ፤ ሁሉም የመሪዎች ነው። መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጥታችሁ እዩ። እንዲህ ያለ ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ የጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው ጉባኤ ይጥሩ፣ ምልዓተ ጉባኤው ይሟላ፣ የተገኙት አባላት ስምና ፊርማ ይያያዝ።

ሌላው ጥያቄ ማን ይፈርማል የሚለው ነው። እናንተ በስማችሁ ስለተመዘገባችሁ ራሳችሁ ትፈርማላችሁ። እነሱ ግን በአንድ ቤተ እምነት ሥር ያሉ አጥቢያ ናቸው። አጥቢያ ብዙ ጊዜ የራሷ የሕግ ሰውነት፣ ማለትም በራሷ ስም የመዋዋልና ንብረት የመያዝ መብት፣ የላትም፤ ስለዚህ ከዋናው ጽሕፈት ቤት የጽሑፍ ውሳኔ ያስፈልጋል። ደንባቸው «የአጥቢያ ንብረት የቤተ እምነቱ ነው» የሚል ከሆነ ደግሞ ስለ ቤቱ ቀድማችሁ ከዋናው ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋገሩ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 398 ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የሕግ ሰውነት ሰጥቷል። እንደ እናንተ ያለች ቤተ ክርስቲያን በምዝገባ ነው የምታገኘው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም፤ የምዝገባውን ጉዳይ የመዘገባችሁን አካል ጠይቁ። እኔ ብሆን ሁለቱንም አፍርሼ አዲስ አላቋቁምም። የእናንተ ምዝገባ ይቀጥል፣ እነሱ ይቀላቀሉ፣ ደንቡና ካስፈለገም ስሙ ይሻሻል። የባንክ ሂሳቡም ውሎቹም ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ።

አሁን ወደ ቤቱ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከደብዳቤው ሁሉ ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

የመዋጮውን ደብተር ፎቶ አይቻለሁ። ሰማያዊ መስመር ያለው የተማሪ ደብተር ነው። 30 ብር፣ 50 ብር ይላል። አንዱ መስመር ላይ «የወርቅ ቀለበት 1» ተብሎ ተጽፏል። ያንን ቀለበት ከጣቷ አውልቃ የሰጠች እህት ቤቱ የጌታ ቤት ነው ብላ ነው የሰጠችው። ሕጉ ግን መጀመሪያ የሚያየው ካርታውን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1195 መሠረት ካርታው ላይ ስሙ ያለው ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ግምቱን ማፍረስ የሚቻለው በጥቂት ምክንያቶች ብቻ ነው። ደብተሩ ማስረጃ ይሆናል፤ ግን በእሱ ብቻ ፍርድ ቤት መቆም ከባድ ነው።

ካርታው በስማቸው ያለው ጋሼ 80 ዓመት አልፏቸዋል ብለውኛል። ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ የምትነጋገሩት ከልጆቻቸው ጋር ነው። ልጆቹ ቅን ቢሆኑ እንኳ አንዱ ውጭ አገር፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ሌላ እምነት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጋሼ በሕይወትና በጤና ሳሉ ይፈርሙ።

እንዴት? የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በቁጥር 2443 መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ሥርዓት መከተል አለበት። ሰነዱ በምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ይፈረማል። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ አድርጉት። ይህን ሥርዓት ሳይከተል ቤት ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ዋጋ የለውም። «ኑዛዜ ይጻፉልንና ይብቃ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ኑዛዜ ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ሊሻር ይችላል። የጋሼን ባለቤት እትዬንም አትርሱ። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የጋራ ቤት ደግሞ ያለ ሁለቱም ስምምነት አይተላለፍም። ነባር ይዞታ ከሆነ ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ስለሚገባ ክፍያውን ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስጦታውን የሚቀበለው የሕግ ሰውነት ያለው አካል ነው፤ በእናንተ ሁኔታ የተመዘገበችው የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ይህ እነሱን ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ቢሰጉም እውነት አላቸው። ስለዚህ በውህደት ስምምነቱ ላይ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ ብንለያይ ቤቱ የማን ይሆናል? ሠርግ ላይ ስለ ፍቺ እንደማውራት ይመስላል፣ ይገባኛል። ነገር ግን ይህን ዛሬ በፍቅር መጻፍ ይቀላል።

በደብዳቤዎ የጠቀሱትን ዘበኛ በተመለከተ የሁለቱ ቤተ ክርስቲያን መቀላቀል ብቻውን የሥራ ውሉን አያቋርጥም። የአገልግሎት ዘመኑ ከመጀመሪያው ቀን ይቆጠርለት። ዕዳ ካለ አበዳሪው ሳይስማማ የቀድሞው ተበዳሪ ነጻ አይወጣም። የባንክ ፈራሚዎችን ቀይሩ። ከእንግዲህ የማይሠራበትን ማኅተም ደግሞ በቃለ ጉባኤ ተረከቡ፤ በማንም መሳቢያ ውስጥ አይቅር።

በዚህ ሳምንት ግን ጋሼና እትዬ ቤት ሂዱ። ካርታውን፣ የሁለቱን መታወቂያና የጋብቻ ማስረጃውን አዘጋጁ። ጋሼ ደረጃ መውጣት የሚቸገሩ ከሆነ ምድር ቤት የሚያስተናግድ የሰነዶች ማረጋገጫ ቅርንጫፍ አስቀድማችሁ ፈልጉ።