ቅኔ የተማረ ልጅ ሥላሴ ኮሌጅ ይግባ ወይ?

እህቴ፣ ታናሽ ወንድምሽ ጎጃም ቅኔ ከነአገባቡ ተምሮ መጥቶ «አራት ኪሎ ሥላሴ ኮሌጅ (የቤተ ክርስቲያናችን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት) ልግባ ወይስ ሐዲሳት (የአዲስ ኪዳን ትርጓሜ) ልቀጥል?» እንዳለሽ ጽፈሻል። ኮሌጁ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነም ጠይቀሻል። እኔም ከዜማ ቤት ነው ወደዚያ የሄድኩት፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሲጀመር ኮሌጅ አልነበረም። ጣልያን በወጣ ማግሥት፣ በ1935 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ የካህናት ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አድርገው ነው የከፈቱት። ካህናት ማሠልጠን ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት፣ በጠላት ዘመን ስንት ሊቅ እንዳለቀ፣ ጣልያን በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳቱን የፈጀበትን ማሰብ ይበቃል። ኋላ ወደ ኮሌጅ አደገ፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። እንግዲህ ዲያቆኑና የምሕንድስና ተማሪው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ነበሩ ማለት ነው። ከእኅት (በእምነት ከእኛ ጋር አንድ ከሆኑ ኦርቶዶክሳውያን) አብያተ ክርስቲያናትም መምህራን መጡ፤ የህንዱ ቄስ ዶክተር ቪ. ሲ. ሳሙኤል አንዱ ናቸው። ደርግ ዘጋው። መልሶ እንዲከፈት የደከሙት የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው የዚያው ቤት ተማሪ ነበሩ።

ጠባዩን ግን ከታሪኩ ይልቅ አንድ የቤት ሥራ ያሳይሻል። መጀመሪያ የጻፍኩት ጽሑፍ ላይ አንዲት ጥቅስ ወስጄ በአብነት ትምህርት ቤት እንደለመድኩት «አንድም» (ወይም ደግሞ) እያልኩ ሦስት ትርጓሜ ደረደርኩ። መምህሩ አንብበው «አንተ የቱን ትይዛለህ?» አሉኝ። «ሦስቱንም» አልኩ። ሳቁ። «የኔታህ ዘንድ ልክ ነህ። እዚህ ግን አንዱን ምረጥና ሌሎቹን ለምን እንደተውክ ጻፍ፤ ማን የት ገጽ ላይ እንዳለውም ጨምር።» ሳምንት ሙሉ ተናደድኩ። ጉባኤ ቤት (በአብነቱ ትምህርት) «መምህሬ እንዲህ አሉ» ካልኩ ማን ይጠይቀኝ ነበር? ቆይቶ ሲገባኝ፣ ለመምረጥም ቢሆን መጀመሪያ ሦስቱን ማወቅ ነበረብኝ። አንዱን ብቻ ይዞ የመጣ ጓደኛዬ ምን ይምረጥ? በቃሉ ምንም ሳይዝ የገባ ሰው የሚጠየቀው እንጂ የሚመልሰው የለውም።

ከሚሰጡት ትምህርቶች ግሪክኛው ያታግላል፤ በሥላሴ ካቴድራል ባለው በአርበኞቹ መቃብር በኩል፣ የኢትዮጵያ ወዳጅ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ካረፈችበት አጠገብ ተቀምጠን ነበር የምናጠናው። እኔ ሁለቴ ወድቄበታለሁ (ስንፍናዬ ነው)። ግዕዝ የጠና ልጅ ግን የግስ እርባታ ስለማያስደነግጠው ይቀለዋል፤ የቅኔ ተማሪዎቹ ሁሌ ይበልጡን ነበር።

ስለዚህ ወንድምሽ ገና ወጣት ከሆነ ሐዲሳትን ጨርሶ ይምጣ ባይ ነኝ፤ ኮሌጁ የትም አይሄድም። እንግሊዝኛውን ግን ዛሬውኑ ይጀምር፤ ብዙዎቻችንን የፈተነን ከትምህርቱ ይልቅ የማስተማሪያው ቋንቋ ነበር። እኔ ስገባ ከሀገረ ስብከት የድጋፍ ደብዳቤ ተጠይቄአለሁ። አሁን ያለውን መስፈርት እዚያው ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ፤ በሰው ወሬ አትመኑ፣ በእኔም ቢሆን።

ለመሆኑ ዕድሜው ስንት ነው? ዘመናዊ ትምህርቱንስ የት አድርሶታል?