መልስ፦ ፈንጂ ፈላጊው ሮቦት ጣና ላይ ይሠራል?

ወንድሜ፣ «የባህር ፈንጂ የሚፈልገው ሮቦት ድፍርስ ውሃ ውስጥ እንዴት ያያል? ባሕር ዳር አምጥተን ጣና ውስጥ ብንከተውስ?» ብለሃል። አያይም፤ ይሰማል ብትል ይሻላል። በግራና በቀኙ ሶናር አለው። ድምፅ ይለቃል፤ ከወለሉ ነጥሮ የሚመለሰውን እየሰበሰበ ምስል ያወጣል። ስለዚህ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ የሚያመጡት ጭቃ ብዙም አያስጨንቀውም። ፈንጂውን ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ጥላው ነው። ከወለሉ ከፍ ያለ ነገር ድምፁን ስለሚከልል ከኋላው ጥቁር ቦታ ይቀራል። ችግሩ ድንጋይም፣ የተጣለ በርሜልም ጥላ አላቸው። ለዚህ ነው አጠራጣሪውን ተመልሶ ከቅርብ የሚያጣራው።

ውሃ ውስጥ ጂፒኤስ የለም። ፍጥነቱንና አቅጣጫውን እያሰላ ይሄዳል፤ ስህተቱ ሲጠራቀም ብቅ ብሎ ያስተካክላል።

አንድ ነገር ላርምህ፦ ፈላጊውና አምካኙ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደሉም። ሪመስ የተባለው ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅ ውስጥ ኡም ቃስር ወደብ ላይ ሲሰማራ ሥራው ፍለጋ ነበር። ማፈንዳቱ የጠላቂዎች፣ አለዚያም እንደ ሲፎክስ በቀጭን ኬብል እየተመራ ከፈንጂው ጋር አብሮ የሚጠፋ መሣሪያ ድርሻ ነው።

ወደ ጣና ስንመጣ፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለሱ ገንዳ በለው። ግን ለጨው ውሃ የተመዘነ ሮቦት እዚህ ይሰምጣል፤ መጀመሪያ ክብደቱ መቀነስ አለበት። ደግሞ እምቦጭ አለ። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ፣ በታንኳ ሄደህ አንተው ታወጣዋለህ።