የሚረግፈው ቀለም ቢሆንም ጥፋቱ የውሃው ነው

እህቴ፣ የመኝታ ቤትሽ ግድግዳ ከታች በኩል ቀለሙ እያበጠ እንደሚረግፍ፣ ነጭ ዱቄት እንደሚወጣው፣ ከበሩ በላይም ስንጥቅ እንዳለ ጽፈሻል። ቀለም ቀቢው ደግሞ «ፍቀን ስቱኮ ብናደርገው ይበቃል» ብሎሻል። እኔ ብሆን ለጊዜው አላስነካውም።

ያ ነጭ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ከጡቡና ከሲሚንቶው ጨው እያሟሟ ይወጣል፤ ፊት ላይ ደርሶ ሲተን ጨውን ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ካልቆመ የፈለግሽውን ውድ ቀለም ብታስቀቢ ይረግፋል። የእኛም ቤት እንዲሁ ነበር። ይቀባል፣ ያብጣል፣ እንደገና ይቀባል። በመጨረሻ ከግድግዳው ጀርባ ያለው የሻወር ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ሲያንጠባጥብ ተገኘ።

መጀመሪያ ቧንቧውን ሁሉ ዝጊና ቆጣሪውን እዪ። ማንም ውሃ ሳይጠቀም ከዞረ የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነው። (የሽንት ቤቱን ውሃ መያዣም አትርሺ፤ እሱ ሌባ ነው!) የፍሳሽ ቱቦ ግን ቆጣሪ ላይ አይታይም። ከዚያ ወደ ውጭ ውጪ። አፈር ከወለሉ ከፍታ በላይ ተቆልሎ ግድግዳውን ነክቷል? የጣራ ውሃ እዚያው ሥር ይወርዳል? ከመሬት የሚሳብ እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር ብዙም አያልፍም። ከዚያ በላይ ከረጠበ ጣራውን ወይም ቧንቧውን ጠርጥሪ።

አሁንም ግራ ከገባሽ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈሽ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተዪው። በግድግዳው በኩል ያለው ፊቱ ከረጠበ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው። በክፍሉ በኩል ያለው ፊቱ ከረጠበ ግን ጉዳዩ የታፈነ አየር ነው፤ መስኮት ክፈቺ።

ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ከሆነ ልስኑ ሲደርቅ የተኮማተረበት ሊሆን ይችላል። ከበሩ ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ፣ ከ5 ሚሊሜትር የሚሰፋ ወይም በሩን አልዘጋ ያሰኘ ከሆነ መሐንዲስ ይየው። ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊና ቀኑን ጻፊ። ምልክቱን ካለፈ እያደገ ነው።

ጥገናው ውሃው ከቆመ በኋላ ነው። ግድግዳውን በጣትሽ አንኳኪ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ለቋልና ጠንካራው እስኪገኝ ይፈንቀል። ጨውን በደረቅ ብሩሽ አስጠርጊ እንጂ አታሳጥቢ፤ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። አዲሱ የሲሚንቶ ልስን ለጥቂት ቀናት ውሃ እየተረጨ ይቆይ። ቀለሙ 4 ሳምንት ያህል ይጠብቅ። እዚህ ላይ ሠራተኛ ይቸኩላል፣ አንቺ ግን አትሸነፊለት። የዘይት ቀለምም እርጥበቱን ያፍነዋልና ይቅርብሽ።

«ሴራሚክ ለጥፈሽበት ተገላገይ» የሚልሽም አይጠፋም። ውሃው ሳይቆም ከተለጠፈ እርጥበቱ መተንፈሻ ሲያጣ ከሴራሚኩ በላይ ወጥቶ ይቀጥላል።