ስለ ሐዘን ድጋፍ ስልጠና ጠይቁኝ፦ መርዶ፣ ለቅሶ ቤትና ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ

ሰላም ለሁላችሁ። የካውንስሊንግ ባለሙያ ነኝ። ለነርሶች፣ ለእድር ሰዎችና ለመምህራን ሐዘንና ድንገተኛ ሞት የደረሰበትን ሰው እንዴት መደገፍ እንደሚቻል አሰለጥናለሁ። ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ሐዘን በሽታ አይደለም። የምንሰለጥነውም በሐዘንተኛው ላይ ሌላ ጉዳት እንዳንጨምር ነው።

ነርስ፣ ደሴ፦ ድንገተኛ ክፍል እሠራለሁ። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ማን እንደሚናገር አይታወቅም። ሐኪሙ ለእኔ ይተወዋል፣ እኔ ደግሞ ለሌላ። ስልጠናው ይህን ይነካል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ሙሉ ቀን የሚያልፈው በዚህ ነው። ሰው መርዶ የሰማበትን ደቂቃ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ማን እንደነገረው፣ የት ቆሞ እንደነበር፣ ምን ለብሶ እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳል። ስለዚህ እንደ መርፌ አወጋግ ልምምድ ይፈልጋል።

መጀመሪያ የሟቹን ሙሉ ስምና የሰዎቹን ዝምድና አረጋግጪ። ኮሪደር ላይ አትናገሪ። ወንበር ያለበት ክፍል ፈልጊ፣ አንቺም ቁጭ በይ፣ ስልክሽን አጥፊ። ምን ያህል እንደሚያውቁ ጠይቂ። «ከባድ ነገር ነው የምነግራችሁ» ብለሽ ትንሽ ጠብቂ። ከዚያ «ወንድምሽ ሞቷል» በይ። «ደክሟል»፣ «የተቻለንን አድርገናል» አትበይ። «ደክሟል» የተባለች እናት አጥሚት ልትሠራለት ወደ ቤቷ ስትሮጥ አይቻለሁ። መርዶውን ሁለት ጊዜ ሰማች።

ከተናገርሽ በኋላ ዝም በይ። ጩኸቱን አታቋርጪ፣ ጥበቃ አትጥሪ። እንዳይወድቁ ብቻ ቅረቢ። አስከሬኑን ማየት ከፈለጉ ምን እንደሚያዩ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ፊቱ ላይ ቁስል ካለ ቁስል አለ በይ። ካልፈለጉ አታስገድጂ።

የአገራችን የመርዶ ሥርዓት ብዙ ነገር ያውቃል። ማለዳ ይኬዳል። ብቻ አይኬድም። ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ይቀድማል፣ ጎረቤት በር ላይ ይቆማል። ሰውየው ሲሰማ ሰው አጠገቡ አለ። ቀኑም ገና ስለሆነ ዘመድ ይደርሳል። ይህን በጣም አከብራለሁ። የምቃወመው ውሸቱን ብቻ ነው። «አባትሽ ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ነይ» ተብላ መንገዱን ሁሉ ስትጸልይ የመጣች ልጅ ድንኳኑን ከሩቅ ስታይ ምን እንደምትሆን አስቡት። ከዚያ በኋላ የሚያጽናናትን ሰው እንዴት ትመነው? እባካችሁ አትዋሹ።

ስም የለሽ፦ ሰርተፍኬት አለው? ስንት ቀን ነው?

መልስ፦ 5 ቀን ነው። ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱ ካውንስለር አያደርግም።

የሳይኮሎጂ ተማሪ፦ የሐዘን 5 ደረጃዎችን (መካድ፣ ንዴት፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል) ተምረናል። አንዲት ጎረቤቴ ንዴት ላይ ቆማለች። ወደሚቀጥለው እንዴት ላሻግራት?

መልስ፦ አታሻግሪያት። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኩብለር ሮስ ደረጃዎቹን በ1969 እ.አ.አ. ያቀረበችው ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነው። ሐዘንተኛ የሚወጣው መሰላል አይደለም። በ1999 እ.አ.አ. የሐዘን ተመራማሪዎቹ ስትሮቤና ሹት ያቀረቡት ሐሳብ ለለቅሶ ቤታችን የበለጠ ይቀርባል። ሰው ወደ ሐዘኑ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ኑሮው ይወጣል፣ ደግሞ ይመለሳል። ጠዋት ያለቀሰች ሴት ከሰዓት ስለ ልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ ታወራለች፣ ማታ ታለቅሳለች። ጤነኛ ናት። ጎረቤትሽ በማን እንደተናደደች ጠይቂያትና አዳምጫት።

የእድር ጸሐፊ፣ ኮልፌ፦ በ2009 ቆሼ ላይ ቆሻሻው ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት ለእርዳታ ሄጄ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉንም ሰብስበን ያዩትን ይናገሩ ያለ ሰው ነበር። ልክ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ልክ አይደለም። አደጋ በደረሰ ማግስት ሰውን ሰብስቦ «ያየኸውን ዘርዝር» ማለት ድሮ ይሠራበት ነበር። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። አይጠቅምም፣ አንዳንዱን ሊጎዳም ይችላል። ድርጅቱ በ2011 እ.አ.አ. ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ በሦስት ቃል ይታወሳል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማን ብርድ ላይ እንዳለ፣ ማን ልጁ እንደጠፋበት ያያሉ። መናገር የፈለገውን ያዳምጣሉ። ከዘመዱ፣ ከምግብ፣ ከሐኪም ጋር ያገናኛሉ። ይህን እድር ከማንም በላይ ይችላል። መናገር ያልፈለገን ግን አታስገድዱ።

ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን መሬት ተንዶ፣ ሊረዱ የሮጡ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እንዲህ ባለ ቦታ የተረፈው ሰው «ለምን እኔ?» ይላል። «እግዜር ስለወደደህ ነው» አይበሉት። የሞተው ልጁ አልተወደደም ማለት ይሆንበታል።

አስከሬን ያልተገኘበት ሐዘን ደግሞ ሌላ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ ቤተሰቦች ከቦታው አፈር ወሰዱ። በሳምንቱ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አስከሬን የሌለበት ሣጥን ተቀበረ። ያ ሥርዓት ከንቱ አልነበረም። ሰው የሚያለቅስበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ዲያቆን፦ ታዲያ ደረት መምታትና ፊት መንጨት እንዲቀር ለምን አታስተምሩም? ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ተብሏል።

የጎንደሯ፦ እናቴ ሙሾ አውራጅ ነበረች። የሟቹን ሥራ እየጠራች ታስለቅሳለች። ሰው ወጥቶለት ነበር የሚሄደው። አሁን ሁሉም ስልኩን እያየ ተቀምጦ ይነሳል።

ዲያቆን፦ ሙሾ አላልኩም። ራስን መጉዳት ነው ያልኩት።

ኸድር፦ እኛ ሙስሊሞች ጋ ጮክ ብሎ ማልቀስ አይወደድም። ሦስት ቀን ተዕዚያ ተቀምጠን ዱዓ እናደርጋለን። አላዘናችሁም ልትሉን ነው?

የጎንደሯ፦ ማን እንደዛ አለ?

ሌላ አባል፦ እኛ ሰፈር ባለፈው አንዷ ስትጮኽ መርፌ ወግተው አስተኟት። ቀብሩ አለፋት።

መልስ፦ ዲያቆንም የጎንደሯም ኸድርም ልክ ናችሁ። ሰው ራሱን ሲጎዳ እጁን ያዙ፣ ለቅሶውን ግን ተዉለት። በዝምታ የሚያዝነውንም በዝምታው ተዉት። መርፌው ነው ያስደነገጠኝ። ማስታገሻ ሐዘንን አያክምም። የዓለም ጤና ድርጅት ሌላ የአእምሮ ሕመም ለሌለው ሐዘንተኛ እንደ ዲያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች እንዳይሰጡ ይመክራል። ቀብር ያመለጣት ሴት ያንን ቀን መልሳ አታገኘውም። ነርሶች፣ ዘመድ ስለለመነ ብቻ አትውጉ።

ስም የለሽ 2፦ ሐዘንን እንዴት ማለፍ ይቻላል?

መልስ፦ የማን ሐዘን? መቼ የደረሰ? እንዲህ ከሆነ መመለስ አልችልም። ዘርዝራችሁ ጠይቁ።

መምህር፦ ተማሪዬ አባቱ ሞቷል። 6 ዓመቱ ነው። «አሜሪካ ሄዷል» ብለውታል።

መልስ፦ ልጁ ይጠብቃል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ይጠብቃል። ቤተሰቡን አነጋግር። የሚቀርበው ሰው «አባባ ሞቷል፣ ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፣ አይመለስም፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ይበለው። «ተኝቷል» እንዳይሉት፣ መተኛት ይፈራል። አትዋሹ ያልኩት ለልጅም ነው።

ነርስ፣ ደሴ፦ ወደ ሐኪም የሚላከው መቼ ነው?

መልስ፦ ሐዘንተኛዋ ሟቹን ልትከተለው እንደምትፈልግ የምትናገር ከሆነ ዛሬውኑ። ራሷን የማጥፋት ሐሳብ እንዳላት በቀጥታ ጠይቂያት፣ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። ሌላው ጊዜ ይፈልጋል። ከ2022 እ.አ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ የተራዘመ ሐዘን የሚለው ቢያንስ 6 ወር አልፎ፣ ናፍቆቱ ኑሮን ሲያግድና ከማኅበረሰቡ ልማድ በላይ ሲሆን ነው። እስከ ሙት ዓመት ጥቁር መልበስ ልማድ ነው፣ ሕመም አይደለም። እኔ የምፈራው ድንኳኑ ሲነሳ ነው። እስከ ሰልስት ቤቱ ሙሉ ነው። ከአርባ በኋላ ማን ያንኳኳል? የማሰለጥናቸውን እድሮች አንድ ሰው መድበው በየሳምንቱ እንዲሄድ እለምናለሁ።

ስም የለሽ 3፦ ስልጠናው ሰርተፍኬት ይሰጣል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ከሪያድ፦ የሰፈሬ ልጅ እዚህ ሰው ቤት ትሠራለች። እናቷ ትናንት ሞተዋል። ቤተሰቡ ለእኔ ደወሉ። የምትወጣው አርብ ነው። እስከዚያ ልደብቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ በአካል መንገር ከቻልሽ አርብ መጠበቅ ይቻላል። ሁለት ሦስት የአገር ልጆች ይዘሽ፣ ቡና አፍልታችሁ፣ ጠዋት ንገሪያት። ከቤተሰቧ ጋር አብራ በስልክ ታልቅስ። የቀብሩ ቪዲዮ ካለ እንዳለ ንገሪያት፣ ማየቱን እሷ ትምረጥ። የዚያን ሌሊት ብቻዋን አትደር።

ከሪያድ፦ አሁን መልእክት ላከችልኝ። «እማዬ ስልክ አታነሳም፣ የሰማሽው ነገር አለ?» ትላለች።

መልስ፦ እንግዲያው አርብን አትጠብቂ። በአካል መግባት ከቻልሽ አሁኑኑ ሂጂ። ካልቻልሽ ደውይ፣ በጽሑፍ አትንገሪ። የት እንዳለች፣ ማን አጠገቧ እንዳለ ጠይቂ። እሳት ላይ የጣደችው ነገር ካለ ታውርድ፣ ሕፃን ይዛ ከሆነ ታስቀምጥ። ቁጭ እንድትል ንገሪያት። ከዚያ በግልጽ ተናገሪ። ስልኩን አንቺ ቀድመሽ አትዝጊ።