ታቹ ብቻ ለምን ተላጠ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ሳሎናችን እስከ ወገብ ድረስ ቡናማ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ነበር። ለፋሲካ ብዬ ሁሉንም በክሬም ፕላስቲክ ቀለም ራሴ ቀባሁት። አምሮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የታችኛው ክፍል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር፤ ላዩ ምንም አልሆነም። አሁን ደግሞ የኩሽናዬን የእንጨት ካቢኔት ነጭ ላደርገው አስቤያለሁ። ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ ምድጃው አጠገብ ያለው ጠቁሯል። ቀቢ ልጥራ ወይስ ራሴ ልቀጥል? ትንንሽ ልጆች አሉኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ራስሽ ቀጥይ። የገዛሽው ቀለም ምንም አልሆነም። ላዩ ደህና ሆኖ ታቹ ብቻ መነሳቱ ሁሉን ይናገራል። ዘይት ቀለም ሲደርቅ ልሙጥ ነው፤ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ላዩ ላይ የሚቆናጠጠው ነገር አያገኝም።

የተነሳውን በስፓቱላ ፍቀሽ አንሺው። ገና ያልተነሳውንም አትመኚው። በምላጭ መስቀለኛ ጫር ጫር አድርጊና ፕላስተር ለጥፈሽ ባንዴ ንጠቂው። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ እሱም መፋቅ አለበት። ከዚያ ከስር የቀረውን ዘይት ቀለም በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው። ማብቃቱን በእጅሽ ታውቂዋለሽ፤ መዳፍሽ መንሸራተቱን ትቶ ይሻክረዋል። በጎን ወደ መስኮቱ ስታይውም ማብረቅረቁ ይጠፋል። በእርጥብ ጨርቅ ወልውለሽ፣ ሲደርቅ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነሽ፣ አንድ እጅ የዘይት ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን መያዣ ቀለም) ቀቢ። በማግስቱ ፕላስቲክ ቀለምሽን ሁለት እጅ ብትቀቢ ይይዝልሻል።

ልጆች አሉኝ ስላልሽ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። የድሮ ዘይት ቀለም የእርሳስ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ነው። ያ ቡናማ ቀለም ከዚያ በፊት የተቀባ ከሆነ እርሳስ እንዳለበት አድርገሽ ያዢው። እርሳስ በትንሹም የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ የሚገባው ደግሞ ልጆች ከወለል ላይ በእጃቸው ወደ አፋቸው በሚወስዱት አቧራ ነው። ስለዚህ በደረቁ አትፈግፍጊው፣ በእሳትም አታቃጥዪው። ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እየነከርሽ ፈግፍጊ፤ ውሃ የማያበላሸውን ዓይነት ግዢ። ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፊ፣ ፍርፋሪውን በፌስታል ሰብስቢ። በመጥረጊያ አትጥረጊ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪ። ልጆቹ በእነዚያ ቀናት ዘመድ ቤት ቢውሉ ደስ ይለኛል።

ወደ ካቢኔቱ ስንመጣ ጠላትሽ ቅባት ነው። እኔ ሰው ኩሽና ስገባ መጀመሪያ የማየው የእጀታውን ዙሪያ ነው። ስንት ዓመት ሽንኩርት ሲቁላላ የነካ እጅ ያረፈው እዚያ ነው። ጥፍርሽን ብትጎትቺበት ቢጫ ቅባት ይዞ ይወጣል። ይህ ካልታጠበ የትኛውም ውድ ቀለም አይይዝም። መፈግፈግ ከመጀመርሽ በፊት እጠቢው፤ ቅባቱን ሳታነሺ ከፈገፈግሽ እንጨቱ ውስጥ ነው የምታስገቢው። ለብ ባለ ውሃና በዱቄት ሳሙና እሺው፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቂው፣ ይድረቅ። ችፑድ ከሆነ ውሃ አታብዢበት፤ ያብጣል።

በሮቹን በካቻቢቴ ፍቺና አውርጂ። የእያንዳንዱን ቁጥር ማጠፊያው የሚገባበት ቦታ ላይ ጽፈሽ በፕላስተር ሸፍኚው፤ ሌላ ቦታ ከጻፍሽው ቀለሙ ይበላዋል። በ120 ከዚያም በ220 ፈግፍጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ የዘይት ፕራይመር ቀቢ። የጠቆረው ሰሌዳ በፕራይመሩ ላይ ቢጫ ሆኖ ብቅ ካለ አንድ እጅ ድገሚው። ከላይ ዘይት ቀለሙን በስሱ ሁለት እጅ፤ በመካከሉ አንድ ቀን ሙሉ ይጠብቅሽ። ባንዴ ወፍራም መቀባት ያንጠባጥባል፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ ግን ሳይደርቅ ይቀራል።

አሁን ስለ ከተማችን። የነፋስ ኃይል ማመንጫው አዳማ ላይ የተተከለው በምክንያት ነው። እርጥብ ዘይት ቀለም ግቢ ውስጥ ከተውሽው አቧራው ተጣብቆበት ታገኚዋለሽ። በሮቹን ጣራ ስር፣ ነፋሱ ጋብ ባለበት ሰዓት ቀቢ፤ ከመጀመርሽ በፊት መሬቱን ውሃ እርጪ። ፀሐይ ላይም አታውጫቸው፤ ቀለሙ ሳይለሰልስ ደርቆ የብሩሽ መስመር ይቀርበታል። ቲነር (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በምትጠቀሚበት ቦታ ከሰል አታንድጂ፣ ምድጃም አታብሪ፤ መስኮቱ ይከፈት።

መጠኑን በተመለከተ፣ 1 ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 4 በ4 የሆነ ክፍል ከፍታው 2.8 ሜትር ቢሆን፣ በርና መስኮቱ ተቀንሶ 40 ካሬ ገደማ ነው። ለሁለት እጅ 8 ሊትር ያስፈልግሻል። ባንዴ ግዢው፤ በኋላ የተጨመረ ቀለም ትንሽ ሊለይ ይችላል።

ቀቢ የምትጠሪው ለኮርኒሱ ነው። በጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርበሽ እንዳትወጪ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የመኝታ ቤቴን በር ነጭ ዘይት ቀለም ቀብቼው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ቢጫ ሆነ። የግቢው በር ግን ያው ቀለም ሆኖ ነጭ እንደሆነ ነው። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ፣ የዘይት ቀለም ባህርይ ነው። ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ቢጫ ይሆናል፤ ፀሐይ የሚያየው ግን ነጭነቱን ይጠብቃል። ለመኝታ ቤቱ በር ለእንጨት ተብሎ የተሠራ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ይፈልጉ። መጀመሪያ ግን ማብረቅረቁ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ያስፈግፍጉት፣ ፕራይመርም ይቀባ። አለዚያ እንደ ልጃችን ግድግዳ ይላጥብዎታል።