ከቦሌ ደለስ፦ መምጫው 17 ሰዓት፣ መመለሻው 13?

ጥያቄ፦ እናቴ በሐምሌ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን (ደለስ) ትመጣለች። ትኬቷ ሰኞ 22:30 ተነስታ ማክሰኞ 08:30 እንደምትደርስ ያሳያል። በነሐሴ ስትመለስ ደግሞ 11:00 ተነስታ በማግስቱ 07:00 ትገባለች። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 900 ቢበር 13 ሰዓት አይሞላም። ታዲያ መምጫው 10፣ መመለሻው 20 ሰዓት የሚሆነው እንዴት ነው?

መልስ፦ ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች መምጫው ላይ 7 ይደምሩ፣ መመለሻው ላይ 7 ይቀንሱ። 17 እና 13 ይወጣልዎታል። መመለሻውን ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ካዞሩት አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ እስከ መጋቢት መግቢያ ልዩነቱ 8 ነው።

የ4 ሰዓቱ ልዩነት የመጣው ግን ከርቀቱ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም ጉልበት የክንፉም ማንሳት ይቀንሳል፤ ሙሉ መንገደኛና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ አንድ ላይ ጭኖ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ሲመለስ ሞልቶ በአንድ በረራ ቦሌ ይገባል። ነፋሱም አለ፦ አትላንቲክ ላይ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። በሰዓት 900 የሚበር አውሮፕላን 100 የሚሆን ነፋስ ፊት ለፊት ከገጠመው መሬት ላይ የሚቆርጠው 800 ነው፤ 11,500 ኪሎ ሜትሩ ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ማረፊያውንና መሬት ላይ የሚንከባለልበትን ይጨምሩበት። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የርቀት ማስያዎች ይህን ሁሉ አያውቁም፤ ክር ወጥሮ እንደ መለካት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። 22:30 በእኛ ከምሽቱ 4:30 ስለሆነ ችግር የለውም። በረራው ተቀይሮ «ማክሰኞ 00:30» ቢባል ግን በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ነው። እናትዎ ቦሌ መገኘት ያለባቸው ሰኞ ማታ ነው፤ ማክሰኞ ማታ ቢሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ ስልክ ሲደውሉላቸው «ማክሰኞ» አይበሉ፣ «ሰኞ ማታ ከ3 ሰዓት በፊት ቦሌ ይድረሱ» ይበሉ።

መቀበሉን በተመለከተ፣ 08:30 አውሮፕላኑ በር ላይ የሚቆምበት ሰዓት ነው። ኢሚግሬሽኑና ሻንጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሰልፉ ደግሞ እንደ ቀኑ ነው። ደለስ መኪና ውስጥ ሆነው ስልክ የሚጠብቁበት ነፃ ቦታ አለው። እናትዎ የአሜሪካ ሲም ስለማይኖራቸው ስልካቸውን ከኤርፖርቱ ነፃ ዋይፋይ ጋር ማገናኘትን ከመነሳታቸው በፊት አንድ ሰው ያለማምዳቸው። መራመድ የሚያደክማቸው ከሆነም ዊልቸር አሁኑኑ ትኬቱ ላይ ያስመዝግቡ፤ የሚገፋው ሠራተኛ ኢሚግሬሽኑን አሳልፎ እስከ መውጫው ያደርስልዎታል።